መንገዱን አስፉልኝ

በዚያች የሐይቅ ዳር ከተማ እማማ መርፌን የማያውቅ የለም። ስሙን ያወጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ሲሰፉ ነው የኖሩት። ከበረንዳው ሥር ዋናው መንገድ፣ ከመንገዱ ማዶ ሐይቁ። እንዲህ ያለ በረንዳ ለማግኘት ሰው ምን የማያደርገው አለ! እሳቸው ግን ሐይቁን ትተው መንገዱን ነበር የሚያዩት። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ በመነጽራቸው አናት እያዩ፣ ልጄ ይሆን እያሉ።

ልጅየው ትልቁ ከተማ የመንገድ መሐንዲስ ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር ይደውላል፤ መደወሉን ይደውላል፣ አይመጣም እንጂ።

«እማዬ፣ ዛሬም መንገዱ ተዘጋግቷል አሉ። ይሄ ጠባብ መንገድ ካልሰፋ አልሆነልኝም።»

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ አንተማ ምን ታደርግ! መንገዱ ነው እንጂ» ይሉታል። ከዚያ ለሁለት ያሰናዱትን ምሳ ብቻቸውን ቀመስ ያደርጉና ይተዉታል። አይወርድላቸውማ!

ታዲያ አንድ ቀን፣ መንገዱ ይስፋ ወይስ አይስፋ የሚለውን አጥንቶ እንዲያቀርብ የተመደበው እሱ ራሱ መሆኑን ሲነግራቸው ልባቸው ቅቤ ጠጣ። መንገዱ ከሰፋ በረንዳቸው እንደሚፈርስ ጠፍቷቸው አይደለም።

«ይፍረስ! በረንዳ ልጅ ይሆናል እንዴ?» አሉ።

በዚህም አላበቁም። እግራቸው እስኪቀጥን ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤቱን ሲያግባቡ ሰነበቱ። ደጄ ያለውን ዛፍ አላስቆርጥም ብሎ የፎከረው ባለሱቅ እንኳ፣ «እማማ፣ እርስዎ እኮ ከመንገድ መሥሪያ ቤቱ የባሱ ነዎት!» ብሎ እየሳቀ እጁን ሰጠ።

የስብሰባው ቀን ጸጉራቸውን ተሠርተው አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ጉብ አሉ። ልጅየው ከመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጋር ገባ። ጉንጫቸውን ሳም አደረገና ወደ መድረኩ አለፈ። ከስቷል። ምነው ትንሽ አቅፈውት ቢቆዩ!

ሰብሳቢው መጀመሪያ ነዋሪው ይናገር ሲል፣ ማን ይቅደማቸው!

«እኔ ወሬ አላበዛም። በረንዳዬን ውሰዱት። መንገዱን ብቻ አስፉልኝ፤ ልጄ መምጫ አጣ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መሐንዲሱ ተራው ሲደርስ ውሃ ጠጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ውሃ ጠጣ። እናቱን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ጀመረ።

«መንገዱን ማስፋት አያስፈልግም። የሚጨናነቀው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ እሱም ሰዉ ሐይቁን ለማየት መታጠፊያው ላይ መሐል መንገድ ስለሚያቆም ነው። እዚያ የመኪና ማቆሚያ ቢሠራ ይበቃል። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ባዶ ነው። ከትልቁ ከተማ ተነሥቶ ለቁርስ እዚህ መድረስ ይቻላል።»

ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ እማማ መርፌን አየ። ባለሱቁ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። እሳቸው ክው ብለው ቀሩ። ለቁርስ! ስንት እሑድ ነው ያለፈው?

ሲወጡ ልጃቸው እየሮጠ በር ላይ ደረሰባቸው።

«እማዬ... ሥራዬ ሆኖብኝ እኮ ነው። እውነቱን መናገር ነበረብኝ።»

«ደግ አደረግህ። ሥራህን አክብረሃል፤ በረንዳዬም ተረፈችልኝ።» የኮቱን ኮሌታ አስተካከሉለት። «ግን እስከ ዛሬ ሳትመጣ ስትቀርብኝ የምረግመው መንገዱን ነበር። ከእንግዲህ ማንን ልርገም፣ ልጄ?»