የሚግ ማኅበር

ሌላው ሰው የሚካኤልን፣ የማርያምን፣ የተክልዬን ማኅበር ይጠጣል። የእኔ ባል የሚግን ይጠጣል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ይሄይስ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የተከበረ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከሁለት መሰሎቹ ጋር ሆኖ የጦር አውሮፕላን ወዳጆች ማኅበር አቋቁሟል። በየወሩ በተራ ይገናኛሉ፣ እንደ ደንቡ ሙሴ መርጠዋል፣ ተረኛው ጠላ ይጠምቃል። ይጠምቃል ስል ሚስቱ ትጠምቃለች ማለቴ ነው። ጌሾውን የምወቅጠው፣ ብቅሉን የማስፈጨው እኔ ንግሥቴ ነኝ። እነሱ ሰማይ ያርሳሉ።

የንስሐ አባታችን አባ ቴዎፍሎስ አንድ ቀን ድንገት ደረሱና ጠላውና ዳቦው ቀርቦ አዩ። ደስ አላቸው። «የማን ማኅበር ነው?» ብለው ጠየቁ። ባሌ አቀረቀረ። የማኅበሩ አባል አሸናፊ ግን ምን ገዶት፣ «የሱኮይ ሃያ ሰባት ነው፣ አባ» አላቸው። አባ ጥቂት አሰቡና «ከጻድቃን ናቸው ከሰማዕታት?» አሉ። እየቀለዱ መሆናቸውን ያወቅሁት በር ላይ ስሸኛቸው ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ሲነክሱ አይቼ ነው።

ይህ አሸናፊ ሞባይል ይሸጣል፤ የሚወደው አዳዲሶቹን ነው። በራዳር ስለማይታየው አውሮፕላን ማውራት ከጀመረ ምሳው ይቀዘቅዛል። እሱም እስከ ዛሬ ሚስት ያጣው አልታይ ብሎ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ክንዱ የሚባለው፣ ልብስ ሰፊ ነው፤ የድሮውን ነው የሚወደው። ካንቤራ ሲባል፣ ኤፍ አምስት ሲባል ዓይኑ እንባ ያቀራል። «አሮጌው ይበልጣል» «አዲሱ ይበልጣል» ተባብለው ሁለቱ ተኳርፈው ስለነበር ባሌ በሽማግሌ አስታርቋቸዋል። ከሦስቱ አንዱም የመንገደኛ አውሮፕላን እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም። ክንዱ ባሕር ዳር አየር ማረፊያ አጥር ድረስ ደርሶ ተመልሷል፤ ይህንንም ኢየሩሳሌም እንደ ተሳለመ ሰው ያወራዋል።

ሙሴው ባሌ ነው። ሹመቱን ያገኘው በጆሮው ነው። አሁን አሁን ሰማዩ በአውሮፕላን ሲያጉረመርም የሰፈራችን ሰው ልጆቹን ሰብስቦ ወደ ቤት ይገባል፤ የእኔ ባል ወደ ውጭ ይወጣል። ዓይኑን ይጨፍንና ቀኝ እጁን ዘርግቶ መዳፉን እንደ ክንፍ ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል። ስሙን ያገኘው ጊዜ እጁ ቀጥ ይላል። ከዚያ ስሙን ከነቁጥሩ ይጠራል። ተሳስቶ አያውቅም፤ ተሳስተሃል የሚለውስ ማን አለ? እኔ በሩን ይዤ «ግባ አንተ ሰውዬ» እላለሁ።

ዓምና ደግሞ ደምበጫ ካለው ቁራሌ ዘንድ የአውሮፕላን ነዳጅ ቋት ግማሽ ገዝቶ መጣ። አውሮፕላኑ ከሆዱ ሥር የሚያንጠለጥለው፣ ሹል አፍንጫ ያለው ነገር ነው። አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ቀለም ቀብቶ ሳሎናችን ውስጥ ከጣሪያው ማገር ላይ በሽቦ ሰቀለው፤ ልክ ከክብር መቀመጫው በላይ። የክብር እንግዳ ከሥሩ ይቀመጥ ዘንድ ነው። እንግዶቻችን ሁሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው መብላት ለመዱ።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ። የማልችለው በልጄ ሲመጣ ነው። ያምሮት አንድ ልጃችን ናት። ወንዳወቅ የሚባል የቡሬ ልጅ ወዳ፣ መንገዱ ሲዘጋም ሲከፈትም ስትጠብቀው ቆይታ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። እኔም ባሌን አስቀምጬ መከርሁት። «የመጀመሪያ ቀን እሺ አትበል። ከዘመድ ልምከር በል፣ ቀጠሮ ስጥ፣ አንድ ሁለቴ አመላልሳቸው። ልጅህ ከመንገድ የተነሣች እንዳትመስል። አውሮፕላን የሚባል ነገር ደግሞ ከአፍህ እንዳይወጣ።» ማለልኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። የልጁ አባት አቶ ዳኘው ራሳቸው አብረው መጥተዋል፤ ትልቅ አክብሮት ነው። አንድ ጆሯቸው አይሰማም፣ ሲራመዱም ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ባሌ እጃቸውን ይዞ ወስዶ የት አስቀመጣቸው? ከቋቱ ሥር። ቀና ብለው አዩት። ከዚያ በኋላ ቀና አላሉም። ባሌ ማድነቃቸው መስሎት ፊቱ በራ።

አፈ ጉባኤው ሽማግሌ ተነሥተው የልጁን ዘር ይቆጥሩ ጀመር። «ሀገር ያገለገለ ቤት ነው» አሉ። «የአቶ ዳኘው ታላቅ ወንድም ሀብተሚካኤል በሰሜን ግንባር የቀረ ነው። ራሳቸው አቶ ዳኘውም ከአውሮፕላን ድብደባ ያመለጡ...»

ባሌ «እሺ ብያለሁ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለሦስት ቀጠሮ የሚበቃ ንግግር አሰናድተው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ንግግሩ አፋቸው ላይ ቀረ። እኔ ጓዳ ደፍ ላይ ቆሜ ነጠላዬን ነከስሁ። ሰውየው ልጁን የሰጠው የአውሮፕላኑ ጨዋታ ቶሎ እንዲደርስለት ነበር። ጠላው ሳይቀመስ ወደ አቶ ዳኘው ጠጋ አለና፣ ሙሽራው ራሱ የሆነ ይመስል፣ «ለመሆኑ ምን ዓይነት ነበር?» አላቸው። «ክንፉ ወደ ኋላ ይታጠፋል ወይስ ቋሚ ነው? ድምፁ መጀመሪያ መጣ ወይስ ቦምቡ?»

አቶ ዳኘው ያልቀመሱትን ጠላ መሬት ላይ አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እኔ ልጅ ልጠይቅ መጣሁ እንጂ ልጠየቅ አልመጣሁም» አሉና እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው።

ያምሮት አላለቀሰችም። ያልተጠጣውን ጠላ ወደ ጋኑ መልሳ፣ ብርጭቆውን አንድ በአንድ አጠበች። ሲያልቅ «አባዬ መኪና ቢወድ ምን ነበረበት?» አለችኝ። በዚያው ማታ መሰላል አምጥቼ ቋቱን አወረድሁና የዶሮዎቹ አጥር ውስጥ ወረወርሁት። ባሌ ቆሞ አየኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የቀረው ድንጋይ መሸከም ነበር። የሙሽሪት አባት ወንድ ቤት ድረስ ሄዶ ድንጋይ ሲሸከም በእኛ ሀገር ተሰምቶ አያውቅም፤ ይሄይስ ለታሪክ በቃ። አባ ቴዎፍሎስ መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙ። አጃቢ ሽማግሌ የሆኑት ደግሞ ሌላ ሰው ጠፍቶ ክንዱና አሸናፊ ናቸው። እነዚህን ሰዎች ማን ያምናል? እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልሁ።

ቡሬ ከአቶ ዳኘው ደጅ ስንደርስ ባሌ ከመንገድ ዳር ደህና ድንጋይ መርጦ ማጅራቱ ላይ ጫነ። ጎንበስ ብሎ ገባ። አቶ ዳኘው በርበሬ በተሰጣበት ግቢ፣ ዱካ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። አባ «ስለ መድኃኔ ዓለም» አሉ። አቶ ዳኘው ድንጋዩን አውርድ አላሉም። እሱ እንደ ተሸከመ ማውራት ጀመሩ።

«አንቱ የጠየቁኝን ልንገርዎት» አሉ። «ከወንዝ ውኃ ስንቀዳ ነበር። ድምፁ ከኋላው ነው የመጣ፤ እሱ ቀደመው። ክንፉ ሲወርድ ወደ ኋላ ተጣጥፏል፣ ሽቅብ ሲመለስ ተዘርግቷል። ጅራቱ አንድ ነው። ብርማ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ወንድሜ እንዳንቱ ይወዳቸው ነበር። እኔ ተኛ ስለው እሱ ቆሞ ቀና አለና ‹ሲያምር እየው› አለኝ። ሌላ ቃል ከአፉ አልሰማሁም።»

ከዚያ ባሌን በደህናው ጆሯቸው በኩል ዞር ብለው ተጠጉት። «የሰው ደም ሲፈስ ገዳዩ በስም ይታወቃል፣ ዘመዱ ይመጣል፣ እርቅ ይወርዳል። የወንድሜን ገዳይ ስም ሳላውቅ አረጀሁ። አንቱ አዋቂ ነዎት ይላሉ። ስሙ ማን ይባላል?»

የባሌን እጅ አየሁት። አንዱ ድንጋዩን ደግፏል፤ ሌላው በጉልበቱ አጠገብ ተንጠልጥሎ መዳፉ ቀስ እያለ ያዘነብላል። ከዚያ ቀጥ አለ። አገኘው። ስሙ ከነቁጥሩ ከምላሱ ጫፍ ደርሷል። ከኋላዬ ክንዱ አፉን ሲከፍት ሰማሁና እግሩን በተረከዜ ረገጥሁት። ልጄ በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥላለች፤ ያንን ቃል የያዘው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

«አላውቀውም» አለ ባሌ።

«ክንፉን ነገርሁዎት፣ ጅራቱን ነገርሁዎት።»

«አላውቀውም፣ ጋሼ። ስሙን አላውቀውም።»

አቶ ዳኘው አዩት። ከዚያ ተነሡና በገዛ እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረዱ። «ይህን ያን ዕለት ቢሉ ኖሮ» አሉ፣ «ይህንን ሁሉ መንገድ ባልደከሙ ነበር።» ወደ ቤት ዞር ብለውም ጠላ እንዲመጣ አዘዙ።

ሲመሻሽ በሚኒባስ ተመለስን። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ማንኩሳን ስናልፍ ክንዱ አላስችል ብሎት ወደ ባሌ ጆሮ ተጠጋና «ሚግ ሃያ ሦስት ነበር እኮ» አለው።

ባሌ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር። «ሃያ ሦስት ነው» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሟቹ አልተሳሳተም። ያምራል» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

የምለው ተሰናድቶልኝ ነበር፤ ለእሱ ስድብ አጥቼ አላውቅም። እጁን ያዝሁት።