የእኩል ጀልባ

ዋኘው ነገሩ አልጣመውም። ጎንደር አራዳ ላይ በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው ድንገት ተነሥቶ «አያ ዋኘው፣ የብረት ጀልባ ልሥራልዎና ትርፉን የእኩል እንብላ» ሲል፣ ማን ጤነኛ ያምነዋል?

እርግጥ የበያጁ የፋንታሁን ምክንያት ለጆሮ አይከብድም። ቤት የሚያሠራ ስለጠፋ በር የሚያዝ የለም። በዚያ ላይ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የእንፍራንዝ ሽንኩርት በጣና ወደ ባሕር ዳር መጫን ጀምሯል። ዋኘው ሐይቁን እንደ ጓሮው ያውቀዋል፤ የእንጨት ጀልባው ግን በስብሳለች፣ ሌላ ክረምት አትችልም። ይህ ዕድል ካመለጠው የሰው ማሳ ማረም ነው ዕጣው። ያሠጋውም ይኸው ነው፤ ችግሩን ፋንታሁንም ያውቅበታላ!

«ምነው ታዲያ ያለ ቀብድ? ብረቱ ስስ ቢሆን ነው» አለ ለራሱ።

ጀልባዋ በመኪና ተጭና ሐይቁ ዳር የደረሰች ዕለት፣ ዋኘው ፋንታሁን ምሳ ሊበላ ዞር ሲል ጠብቆ፣ የብረቱን ውፍረት ሊፈትሽ ወለሏን በእጅ መሰርሰሪያ በሳት። ብረቱ እንኳን ሊሳሳ፣ ላቡን አንጠፈጠፈው። አፈረ፤ መናገሩንም ፈራ። ቀዳዳዋን በሬንጅ ደፈናት።

በማግሥቱ ሁለቱ ሽንኩርት ጭነው፣ ሞተሩን አስነሥተው ወጡ። መሐል ሐይቅ ሲደርሱ ከጆንያዎቹ ሥር ውሃ መጣ። ፋንታሁን ክው አለ።

«ብየዳዬ ነው! ጉድ ሠራሁዎ፣ አያ ዋኘው!» ራሱን ያዘ። «ጀልባዋን ይውሰዷት፣ ድርሻ አልፈልግም፤ ብቻ ዳር ያድርሱኝ።»

ዝም ቢል ጀልባዋ የብቻው ልትሆን ነው። ዋኘው፣ ምን ይደበቃል፣ ለአፍታ አሰበበት። የሰውየው ፊት ግን አላስችል አለው።

«ብየዳህስ ሸጋ ነው። የበሳኋት እኔ ነኝ፤ ብረትህን አላመንሁትም።»

ፋንታሁን ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሞተሩ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ።

«ደግሞ ይኸ ምንድን ነው?» አለ ዋኘው።

ፋንታሁን ዐይኑን ሰበር አደረገ። «ቤንዚን አልቆ ነው። ማታ ይዘዋት እንዳይጠፉ ብዬ አብዛኛውን ቀድቼ አስቀረሁት። ጠዋት እርስዎ ፊት መልሼ መሙላቱ አሳፈረኝ።»

ዋኘው ሊስቅም ሊሳደብም ቃጣው። ቆርቆሮ ወረወረለትና መቅዘፊያውን አነሣ። ፋንታሁን ውሃውን እየጨለፈ ሲደፋ ቆይቶ ቀና አለ።

«እውነት ያደርሱኛል?»

«ሌላ ማን አለህ?» አለው ዋኘው። እሱም ቢሆን ሌላ ሰው አልነበረውም፤ ፋንታሁን መጨለፉን ከተወ አብረው መስመጣቸው ነው።