ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ

የፕላን ባለሙያዋ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ስድስት መቶ ቤት የት ይሠራ? ሁለት ዓመት ሙሉ ደሟን የመጠጠው ይኸው ጥያቄ ነው። አለቃዋ ከወንዙ ማዶ ያለውን የእርሻ ሜዳ ይላሉ፤ ለጥ ያለ ነው፣ ለሥራም ይመቻል። እሷ ደግሞ ከተማው መሃል ያለውን የተዘጋ የአውቶቡስ ጋራዥ ትላለች።

«ጋራዡ ስንት ቤት ይይዛል?» አሏት አለቃዋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ሦስት መቶ ሰማንያ።»

«የቀረውን ሰው ኪሴ ውስጥ ላስተኛው?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን የድካም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ተሻግራ ወደ ሜዳው ሄደች። ሽንኩርት የሚኮተኩቱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሲያዩዋት ቀና አሉ።

«ደግሞ ልትለኪን መጣሽ ልጄ?»

«ዛሬ እንኳ ለማየት ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።» ወደ ጎተራቸው ወሰዷትና ግድግዳው ላይ፣ ከጉልበታቸው ከፍ ብሎ፣ የጭቃ መስመር አሳዩዋት። «ያምና ክረምት ነው። ወንዙ ሲሞላ ውኃው እዚህ ይተኛል፤ ለኛ ለም አፈር ጥሎ ይሄዳል። እዚህ ቤት ከሞላችሁበት ግን የት ይተኛ? ቁልቁል እናንተው ዘንድ ነው የሚወርደው።»

መስመሩን ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ ሪፖርቷን እንደ አዲስ ጻፈች። ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ሲጨቃጨቅ ከርሞ ጋራዡን አጸደቀ። ሜዳው ተረፈ። የሥራ ባልደረቦቿ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

የዚያን ዕለት ማታ ታናሽ እህቷ ቤት ሄደች። ቤት ይባል እንጂ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፤ ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ይኖሩባታል። ልጆቹ አልጋው ላይ ተደርድረው የቤት ሥራ ይሠራሉ። እህትየው ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«እትዬ! ተወሰነ?»

«ተወሰነ። ጋራዡ ላይ ነው። ሦስት መቶ ሰማንያ ቤት።»

የእህትየው እጅ ልብሱ ላይ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት ለቤት ተመዝግባ የጠበቀችው ተራ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ነው።

«ስትጽፊው ተራዬን ታውቂ ነበር?» ስትናደድ «እትዬ» ማለቱን ትተወዋለች።

«አውቅ ነበር።»

«ሽንኩርት ይብቀል ብለሽ?»

«ውኃው ታች ሰፈር ያሉትን ቤቶች ይዞ ይሄዳል። ሌላ ቦታ እየፈለግን ነው፣ ለቀሪዎቹ...»

«እሺ፤ ሠላሳ ሁለት ሰው ሐሳቡን እንዲቀይርልኝ ልጸልያ።» ትልቁ ልጅ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እናቱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «በይ ሂጂ አሁን። ደክሞሻል። እኔም ደክሞኛል።»

ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም። ባለሙያዋም በየቀኑ ቢሮዋ እየገባች ለቀሩት ሁለት መቶ ሃያ ቤቶች ቦታ ስታስስ ሰነበተች፤ አንዱ ድንጋይ ነው፣ አንዱ መንገድ የለውም፣ አንዱ ክርክር ላይ ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

«ትንሿ ትኩሳት ይዟታል። አባቷ ሥራ ላይ ነው፣ እኔም ሐኪም ቤት ልወስዳት ከሥራ ቀርቻለሁ፣ ግን ሁለቱን የሚይዝልኝ አጣሁ። ትመጪያለሽ?»

ባለሙያዋ ካርታውን እንደተዘረጋ ትታ ቦርሳዋን አንጠለጠለች።