የጽዋው ጠረጴዛ

የመርሳው የሚካኤል ማኅበር አለቃ፣ ሙሴ የሚሉት ገዛኸኝ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ የታኅሣሥ አሥራ ሁለቱ ማኅበር በታኅሣሥ አሥራ ሁለት እንደሚጠጣ አስታወቀ። ማኅበርተኛው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ማኅበሩ ከአባቶቻቸው ጀምሮ በአሥራ ሁለት ሲጠጣ የኖረ ነው። ጦርነቱ ቀረበ በሚባልበት በዚያ ሰሞን ግን በመርሳ ነገን በቀኑ የሚጠራ ሰው እንደ ጀግና ይታይ ነበር።

ከወልድያ የሚመጣ ሹፌር ተኩሱ በሐራ በኩል ነው ይላል። ከሐራ የመጣው እኛ ዘንድስ ሰላም ነው፣ ወልድያ ነው አሉ ይላል። ሁለቱም ናፍጣቸውን ቀድተው ወደ ደሴ ይነዳሉ። የመርሳ ሰው በበኩሉ ሚካኤልን ትቶ የትም እንደማይሄድ በየሱቁ ደጃፍ ይናገራል። ሚስትና ልጆች ብቻ ደሴ ሠርግ እየተጠሩ ይሄዱ ነበር። በነቢያት ጾም ማን እንደሚያገባ የጠየቀ የለም፤ ጠያቂውም የራሱ ሠርግ ነበረበት።

የገዛኸኝ ሚስት ሜላትም ልጆቹን ይዛ ሠርግ ሄዳለች። እሱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅና አንድ አሮጌ አይሱዙ አለው። የቤቱን ዕቃ ጭኖ ሸራ አልብሶ፣ ማኅበሩ በተጠጣ ማግስት ሊወጣ ቆርጧል። ለማንም አልተናገረም። አይሱዙ ግን ምስጢር አይችልም። መጀመሪያ ወንድሙ የሚባለው መካኒክ ፍራሽ ተሸክሞ መጣ፤ ለዘመድ የሚላክ ነው፣ ለማንም እንዳትነግር አለው። ልብስ ሰፊዋ ንግሥት የስፌት መኪናዋን ለጥገና ብላ አመጣች፤ እሷም ለማንም እንዳትነግር አለች። ቄስ ወርቁ በጓሮ በኩል አንድ ሳጥን አስገቡ። መጻሕፍት ናቸው አሉ። መጻሕፍቱ ሳጥኑ ሲነሣ ተንቃጨሉ። እያንዳንዱ የጫነ እሱ ብቻ ይመስለዋል። ገዛኸኝ ሙሴ መባል ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና።

ያስጨነቀው ሌላ ነው። የሚቀጥለው ተራ የእሱ ነበር። ጽዋውን የተቀበለ፣ ጥር አሥራ ሁለት ቀን በቤቱ አለሁ ብሎ በመልአኩ ፊት ቃል መግባቱ ነው። ደግሞም ማኅበርተኛው ጽዋውን እያጨበጨበ እስከ ተረኛው ቤት ይሸኛል። ቤቱ ደግሞ መኪና ላይ ነው።

ማኅበሩ በእትዬ አበበች ቤት ተጠጣ። እትዬ አበበች ባላቸው ከሞተ ወዲህ ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቄስ ወርቁ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ተረኩ፤ ከእቶኑ ውስጥ አብረው የነበሩ እስኪመስሉ አሳምረው ተረኩት። ወንድሙ፣ ባለፈው ጦርነት ሰው ሁሉ ሲሮጥ እሱ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደነበር ለስንተኛ ጊዜ አወራ። ንግሥት እምነት ያለው ምን ይፈራል አለች። ሁሉም አሜን አሉ።

እትዬ አበበች ጠላ እየቀዱ ነበር። "እኔስ ፈርቻለሁ" አሉ።

ቄስ ወርቁ ቀና ብለው አዩአቸው።

"ማታ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሚካኤልን እጠራዋለሁ። ስጠራው ፍርሃቱ አይሄድም። ግን ያስነሣኛል። ተነሥቼ ጌሾዬን እወቅጣለሁ። ይህን ጠላ የጠመቅሁት እየተንቀጠቀጥሁ ነው።"

"እትዬ፣ ይሄማ እምነት ማነስ ነው" አለ ወንድሙ፣ እየሳቀ።

"ይሆናል ልጄ። የተረፈህ ካለ አበድረኝ።"

ወንድሙ ዋንጫውን አነሣና ከአፉ ሳያወርድ ጠጣ።

ጽዋው የሚነሣበት ሰዓት ደረሰ። ገዛኸኝ ንግሥት ትቅደመኝ ብሎ ሞከረ። ንግሥት ተራ መዝለል ነውር ነው አለች። ወደ ወንድሙ ዞረ፤ ወንድሙ ሙሴ ባለበት እኔ ማን ነኝ ብሎ ከወገቡ ጎንበስ አለ። በዚያች ቤት እንዲህ ያለ ትሕትና ታይቶ አያውቅም። ቄስ ወርቁ ጣሪያውን ይመለከቱ ነበር።

እትዬ አበበች በቀይ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዘው ቆመዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጠላው ጨርቁን አርሶታል። ገዛኸኝ ያንን እጅ አየ። ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልተሰበሰበም። እሱ እስካሁን ፍርሃቱ እስኪለቀው ሲጠብቅ ነበር። ሳይለቀው ተነሣ። ጽዋውን ተቀበለ።

"ጥር አሥራ ሁለት በእኔ ቤት" አለ፤ "እግዚአብሔር ቢፈቅድ።" መጨረሻዋን ሌላ ጊዜ በልማድ ነበር የሚላት። ዛሬ ቆም ብሎ አላት።

ቄስ ወርቁ ሰዓት እላፊው እየደረሰ ስለሆነ መሸኘቱ ይቅር፣ እዚሁ እንሰናበት አሉ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሁሉም በአንድ አፍ ተስማሙ። ዕቃው ያለበትን ግቢ ማንም ከማንም ጋር ማየት አልፈለገም።

"ሸኙኝ" አለ ገዛኸኝ። "ሥርዓቱ ነው።"

እያጨበጨቡ ሄዱ። ግቢው ሲደርሱ ጭብጨባው ሳሳ። አይሱዙው ከአጥር እስከ አጥር ሞልቶ ቆሟል፤ ያየው ግን አልነበረም። ሁሉም የፓፓያውን ዛፍ ነበር የሚመለከቱት። ቤት ገቡ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ዝማሬያቸው ከግድግዳው እየተመለሰ መጣባቸውና አቆሙት።

ገዛኸኝ ጽዋውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ።

"ጠረጴዛህስ?" አሉ እትዬ አበበች።

"አለ።"

"የት?"

እጁ ስላልተፈታ በአገጩ ወደ ውጭ አመለከተ። "መጀመሪያ የጫንሁት እሱን ነው። ከሥር ነው ያለው።"

"እንግዲህ ጽዋ መሬት አይቀመጥም" አሉ እትዬ አበበች፤ ወጥተውም የሸራውን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

ሴትዮዋ ሲታገሉ ዝም ብሎ ማየት አልተቻለም። ወንድሙ መኪናው ላይ ወጣ። ሸራውን ገለጠና ከሁሉ በላይ ያለውን ፍራሽ ሳያሳይ ወደ ዳር ሊገፋው ሞከረ፤ ፍራሹ ወደቀ። የስፌት መኪናውን ሲያወርድ ንግሥት ሳትጠራ ቀርባ ተቀበለችው። የቀረው ሳጥኑ ነው።

"ይሄስ የማነው?" አለ ወንድሙ።

ቄስ ወርቁ መስቀላቸውን ከእጃቸው ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ቀስ ብለህ አውርድ ልጄ" አሉ። "ድስት አለበት።"