ጀርመን የቆመው ባቡር

በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ባለችው መንደራችን ነርስነት ሙያ ሳይሆን አውሮፕላን ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን "ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?" ቢሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ "ነርስ!" አሉ። "ለምን?" ሲባሉ አንዷ ጀርመን፣ አንዷ ዱባይ አለች፤ በሽተኛ የሚባል ፍጡር ትዝ ያላት የለችም። ያኔ ጓደኛዬ ሻይጃን ተነሳ።

"እኔም ነርስ። አያቴን ሳስታምም ደስ ይለኛል።"

ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። "እትዬ ሻይጃን! ቀሚሱን አሰፋሽ?"

አባቱ ጋሽ ኩርያቻን የጎማ ዛፍ እየበጡ የሚኖሩ፣ ጢማቸው ሁለት ወፍ የሚያሳርፍ ሰው ናቸው። "ልጄ የሰው ሽንት ሊደፋ? ይህ ከሆነ ጢሜን እላጫለሁ!" አሉ።

"ሲቢ፣ ምዝገባው ሰኞ ነው" አለኝ ሻይጃን እንባው እየመጣ። "አባቴ መሃንዲስ ሊያደርገኝ ነው!"

"ለእኔ ተወው።"

ሻይ ቤት ገብቼ የጋብቻ ደላላው ፓይሊ ጆሮ ስር ተቀመጥኩ። "ለማንም እንዳትናገር" አልኩት፤ ለፓይሊ ይህ ጡሩንባ ንፋ ማለት ነው። "ጀርመን አንድ ሆስፒታል አለ። ከስፋቱ የተነሳ ነርሶቹ ከአልጋ ወደ አልጋ በባቡር ነው የሚሄዱት። አሁን ወንድ ነርስ ጠፍቶ ባቡሩ ቆሟል። ሻይጃንን እየጠበቁ ነው።"

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ የተጠበሰ አሳ ይዞ የጋሽ ኩርያቻን በር ላይ ተሰለፈ።

"ጋሼ፣ ባቡሩ ላይ ለሚስትም ወንበር አለ?"

ጋሽ ኩርያቻን ስለ ባቡሩ ገና መስማታቸው ነበር። አሳውን አዩ፤ ጢማቸውን ጠመዘዙ። "አለ እንጂ! ያውም በመስኮት በኩል።"

"ጢሙስ?" አለ አንዱ ነገረኛ።

"ጀርመን ሲደርስ እላጨዋለሁ! ሻይጃን፣ ነገ በጠዋት ተነስ!"

በደስታ እየዘለልኩ ቤቴ ስገባ አባቴ ቆመው ጠበቁኝ።

"ወንድ ነርስ ጠፍቶ ባቡር ቆሟል አሉ። አንተስ ወንድ አይደለህ?"

"አባዬ፣ ውሸት እኮ ነው! እኔው ነኝ የፈጠርኩት!"

"ጋሽ ኩርያቻን ወንበሩ በመስኮት በኩል ነው እያሉ፣ አንተ ውሸት ነው ትለኛለህ?"

ሰኞ ሁለታችንም ተመዘገብን። መጀመሪያ ደም ያየሁ ቀን እንደ ኮኮናት ዱብ አልኩ። ስነቃ ሻይጃን እግሬን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ፊቱ በሳቅ በርቷል።

"አይዞህ ሲቢ" አለኝ፣ "ባቡሩ እየመጣ ነው።"