ፍተሻ ያላለፈው ድንጋይ

ገበየሁ መቼም እልኸኛ ነው! የጎረቤቱ የቃኘው ጌሾ መስኮቱን ቢጋርድበት፣ ሰውዬው ኤቨን የሁዳ ከተማ ያለ ልጁን ሊጠይቅ በሄደበት ከሥሩ ገነደሰው። ቃኘውም የዋዛ አይደለም፤ ቤት ሚሽፓት፣ ፍርድ ቤት ማለት ነው፣ ከሰሰው። ዳኛዋ «መጀመሪያ በጊሹር ሞክሩ» ብላ ወደ አስታራቂ ላከቻቸው። ከጎንደር እስከ እስራኤል አብረው የኖሩ ሰዎች ይኸው አምስት ወር ሰላም አልተባባሉም። ገበየሁን ያንገበገበው ክሱ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ብቻውን መቀመጡ ነው። ቃኘው እንደ ድሮው «እንዴት አደርክ» ቢለው ሌላ ምንም አይፈልግም።

ስለዚህ በቀጠሮው ቀን እንደ አገሩ ወግ ሊያደርግ ቆረጠ። ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተበደለው «አውርድ» ሲለው ያወርዳል። አንድ ደህና ድንጋይ መርጦ በዘንቢል ይዞ የአስታራቂዋ ቢሮ ወዳለበት ሰፈር፣ ፖሌግ ወረደ።

የሕንጻው ሾሜር፣ ዘበኛው ናኦር፣ በሩ ላይ ዘንቢሉን ፈተሸ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ድንጋይ።»

«ለምን?»

«ላይ ለሚጠብቀኝ ባላጋራዬ።»

የናኦር ዓይን ፈጠጠ። «ዛሬ ምን ነካችሁ እናንተ ሽማግሌዎች?» ብሎ ድንጋዩን ወሰደበት።

አስታራቂዋ ይፍዓት ወላጆቿ ጎንደሬ ቢሆኑም እሷ እዚሁ የተወለደች ናት። ሁለቱን በተለያየ ክፍል አስቀምጣ ትመላለስ ጀመር። «እኔ አልፈርድም፤ መፍትሔው ከእናንተ ነው» አለችው ገበየሁን። ጉድ በል ጎንደር! የማይፈርድ ሽማግሌ፣ ያውም ባለጉዳዮቹን የሚለያይ!

ገበየሁ ዙሪያውን ቢያይ ድንጋይ የሚባል የለም። ጥግ ላይ ግን አበባ የተተከለበት ትልቅ ሸክላ አለ። ብድግ አድርጎ ማጅራቱ ላይ ጫነና ቃኘው ያለበትን ክፍል በር በትከሻው ገፍቶ ፊቱ ጎንበስ አለ። አፈሩ በአንገቱ ወደ ጀርባው ይፈስሳል።

«አያ ቃኘው፣ አጥፍቻለሁ! ስለ እግዚአብሔር ማረኝ!»

«ኧረ ወገብዎን! ያውርዱት!» ይፍዓት ጮኸች።

«አውርድ የምትይኝ አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ።»

ቃኘው ጢሙን እያሻሸ የአበባውን ቅጠል አንድ በአንድ ይመለከት ጀመር። 

«መስኮትህ ብርሃን አገኘ?» አለው በመጨረሻ።

«አገኘ! ምን ያደርግልኛል? የሚያሳየኝ ባዶ አግዳሚ ነው።»

ቃኘው ዓይኑን ጠረገ። «በል አውርድ» ብሎ ራሱ አገዘው። ክሱ እንዲዘጋም ፈረሙ።

ሲወጡ ናኦር ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ድንጋይ አወጣ። «የትኛው የማን ነው?»

ገበየሁ ዞሮ ቃኘውን አየው። ቃኘው መሬት መሬቱን ያያል።

«ወንድሜን ቤት ሚሽፓት አቁሜ ምን ልሁን?» አለ በቀስታ። «ትልቁ የኔ ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ታሸክመኛለህ!»

«ጌሾዬን ቆርጠህብኝ ነዋ!»

ገበየሁ ሳቁ አመለጠው። «አንተም አውርድ» ብሎ ትልቁን ድንጋይ አንስቶ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተው። «ና፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን» አለው፤ «ነገ ጠዋት አግዳሚው ላይ እጠብቅሃለሁ።»