የአፈወርቅ ያረጀ እንግሊዝኛ

ታናሽ ወንድሜ አፈወርቅ እንግሊዝኛ የተማረው ሽፋኑ ከተገነጠለ የጥንት የእንግሊዝ ልብወለድ ነው፤ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። ቅኔ ቤት ስላደገ ቃል ባረጀ ቁጥር የሚከበር ይመስለዋል። እኔ ዲግሪ ይዤ ዘመሮ ከተማ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምረው እህቱ፣ «አንተ፣ እንዲህ የሚናገሩት ሰዎች ተዝካራቸው ከወጣ ሁለት መቶ ዓመት ሆነው!» እያልኩ ስስቅበት ኖሬያለሁ። እሱ ግን «ፎርሱዝ፣ እታለም» ይለኛል። «በእውነት» ማለቱ ነው።

የጓሳን ጥብቅ ሥፍራ የሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች አስጎብኚ ሲፈልጉ ተመዘገበ። ሥራው ካመለጠው ሚስቱን ትቶ ለቀን ሥራ ደብረ ብርሃን መውረዱ ነው። ፈተናው ቀላል ነበር፦ አንድ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ያስጎበኛል፤ እንግዳው አስተያየቱን ጽፎ ይሄዳል።

ለእሱ የደረሱት ፀጉራቸው የሸበተ እንግሊዛዊት ነበሩ። ማታ እየሳቁ ገጽ ሙሉ ጽፈው ሄዱ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን እንድተረጉም ጠሩኝ። ገለጥኩት፤ ግማሹን ቃል አላወቅኩትም። ሴትዮዋ የወንድሜን አነጋገር ወደውት ኖሮ በዚያው በጥንቱ ቃል ጽፈውለታል። ዲግሪዬ እዚያ ድረስ አይሄድም።

«ባለቤቱ ያንብበው» አልኩ፣ በጣም አፍሬ።

ውሳኔውን ሊሰማ የቆመው አፈወርቅ ተቀብሎ አነበበና አንገቱን ደፋ። «አየሩ ተስማማኝ ነው የሚሉት።»

«ገጽ ሙሉ ስለ አየር?» አሉ ሰብሳቢው ጋሽ ትዕዛዙ።

ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ራሱን አመስግኖ ውዳሴ ከንቱ ከሚሆንበት ጦሙን ቢያድር ይመርጣል። የቃል ፍቺ ተጠይቆ ግን አይዋሽም፤ የኔታ እንደዚያ አላሳደጉትም። ወረቀቱን ቀማሁትና ጣቴን አንድ ቃል ላይ አሳረፍኩ።

«ይህ ምን ማለት ነው?»

«ታማኝ» አለ ሳይወድ።

«ይህስ?»

«አቻ የሌለው።»

«ከሱ ቀጥሎ ያለውስ?»

«መንገድ መሪ። ተይኝ እታለም፣ በማርያም!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ትዕዛዙ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ከራስህ አፍ ሰማን፤ ሰኞ ሥራ ጀምር» አሉት።

ስንወጣ እንዲያሾፍብኝ ጠበቅኩ። ይገባኝ ነበር። አላሾፈብኝም። ከጋቢው ውስጥ ያን ሽፋን የለሽ መጽሐፍ አወጣና በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«ነገ በጠዋት ነይ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እንነሳለን» አለኝ።

«ፎርሱዝ» አልኩት።